የውሻ ንክሻን እስከ ሰኞ አታሳድሩት

እህቴ፣ ሱሉልታ ላይ ውሻ የወንድምሽን ክንድ እንደዘነጠለው፣ የቡና ዱቄት ነስንሳችሁ እንዳሰራችሁትና ደሙ ስለቆመ እስከ ሰኞ መቆየት ትችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። አትቆዩ። ጨርቁን አሁኑኑ ፍቱት፤ ዱቄቱም ታጥቦ ይውጣ።

ይህን የምልሽ በልጄ ስላየሁት ነው። ሰባት ዓመቱ ሳለ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሥር የጥበቃ ውሻ ባቱን ነከሰው። እኔ ደሙን አይቼ መኪና ፍለጋ ልሮጥ ስል ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ያዘችኝ። ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃ ተጫነችው። ደሙ ጋብ ሲል እግሩን ሳፋ ላይ አድርጋ የልብስ ሳሙና አስመጣች። ቧንቧው ውሃ አልነበረውም፤ ከቢጫው ጀሪካን በጣሳ እየቀዳሁ አፈሰስኩ። ሰዓት እያየች 15 ደቂቃ ሙሉ አሳጠበችኝ። ልጁ ሲጮህ አንጀቴ አልችል ብሎ ላቆም ስል «ቀጥል፣ በምራቁ የገባውን የሚያወጣው ይኸው ነው» አለችኝ። የእብድ ውሻ በሽታ ከቁስሉ ተነሥቶ በነርቭ ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን ይከላከሉታል።

ሐኪሙ ቁስሉን ወዲያው አልሰፋውም። ክፍት ሆኖ ሳየው ተናድጄ ነበር፤ የውሻ ጥርስ ጀርሙን ወደ ውስጥ ስለሚቀብረው አፉን ቸኩሎ መዝጋት መግል እንደሚያስከትል አስረዳኝ። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ኢሚውኖግሎቡሊን የሚባለውን፣ በሽታውን ወዲያው የሚዋጋ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ወጋው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም በዚያው ዕለት ጀመረለት። ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ተመላለስን። የመንጋጋ ቆልፍ መርፌና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ታዘዘለት። ቀድሞ ፓስተር ኢንስቲትዩት እየተመላለሱ ሆዳቸው ላይ በየቀኑ ይወጉ የነበሩ ሰዎች ወሬ አያስፈራችሁ፤ ልጄ የተወጋው ክንዱ ላይ ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን ሁሉም ዘንድ ስለማይገኝ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ።

ውሻውን አታስገድሉት። የእኛን ሰፈር ወጣቶች ድንጋይ ያስጣሏቸው አንድ አባት ናቸው፤ ታስሮ 10 ቀን ተጠበቀ። ከታመመ ወይም ከሞተ ለሐኪሙ ንገሩት። ክትባቱ ግን የውሻውን ውጤት አይጠብቅም።

የወንድምሽ ጣቶች ከደነዘዙ ወይም አልታጠፍ ካሉ ጤና ጣቢያ ሳይሆን ሆስፒታል ውሰዱት። ደሙ እንደገና ከፈሰሰ በጨርቅ ተጭናችሁ ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውሉ። አሁን ስልኩን አስቀምጪና ውሃ አቅርቢ፤ ሐኪም ዘንድ ስትደርሱ ጻፊልኝ።