የደንበኛሽን ገንዘብ በአካውንትሽ አትያዢ

ከደሴ የላክሽልኝን ደብዳቤ ደጋግሜ አነበብኩት። ነገሩን ለሌሎቹ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ከወሎ ዩኒቨርሲቲ በማርኬቲንግ ተመርቀሽ ሥራ ሲጠፋ የቤት ሽያጭና ኪራይ ድለላ ጀመርሽ፣ ሁለት ዓመት ሆነሽ። የቤት ኪራዩንም የወንድምሽን የትምህርት ቤት ክፍያም የምትችዪው አንቺ ነሽ። ሪያድ ሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ቤት ፈልጊልኝ አለችሽ፤ እናቷና እናትሽ ቡና የሚጠራሩ ጎረቤታሞች ናቸው። አገኘሽላት። ከዚያ ወዲህ እኩለ ሌሊት ላይ በኢሞ ትደውላለች፣ ካላነሳሽ ደግሞ ረጅም የድምፅ መልእክት ትልካለች። የቀብዱን ብር በአንቺ አካውንት አስገብታለች። ውክልናውንም በስምሽ ላድርገው፣ ቀለም ቀቢም ፈልጊልኝ ብላለች። ስለ ኮሚሽን ግን እስከዛሬ አንድ ቃል አልተነጋገራችሁም። "ስልኬን ማጥፋት ነው የምመኘው፣ ግን እንዴት አድርጌ እምቢ እላታለሁ?" ብለሻል።

አብሽሪ እህቴ። የስልኩ ነገር መላ አለው፣ እመጣበታለሁ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ብሩ ነው፣ አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው ብር።

ብዙ ዓመት አዲስ አበባ ቤት ሽያጭ ላይ ሠርቻለሁ። ደላላን ከደንበኛው ጋር ሲያካስስ ያየሁት የሌሊት ስልክ አይደለም፣ "ለጊዜው አንቺ ጋ ይቀመጥ" የተባለ ገንዘብ ነው። ሌቦች ስለነበሩ አይደለም። ወረቀት ስላልነበራቸው ነው። ከዐረብ አገር የሚላክ ብር ብዙ ጊዜ ምክንያቱ "ለቤተሰብ" ተብሎ ነው የሚሞላው። ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ ያ ገንዘብ የቤት ቀብድ መሆኑን በምን ታስረጃለሽ? በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ደግሞ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ እጥፉን ይመልሳል። አሁን አስቢው። ልጅቷ ሐሳቧን ብትቀይር፣ ወይም ሻጩ "ቀብዱ ዘገየብኝ፣ ለሌላ ሸጥኩት" ቢል፣ ሁለቱም ወገን የሚያፈጥጠው አንቺ ላይ ነው። ቤተሰቦቿ "ልጃችን የላከችው ላንቺ ነው" ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ባንክ ሂጂና ብሩን እሷ ራሷ ወደምትነግርሽ አካውንት መልሺው፤ ወይ በራሷ ስም ወዳለው፣ ወይ ወደ እናቷ። ወዴት ይግባ እንደምትፈልግ በጽሑፍ ትላክልሽ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተሽ ላኪላት፣ ዋናውን አስቀምጪ። ቀብዱ ከገዢ አካውንት ወደ ሻጭ አካውንት ይሂድ። አንቺ መሃል ላይ አትቁሚ።

ውክልናውንም አትቀበዪ። አንቺ ገዢና ሻጭ አገናኝተሽ የምትከፈዪ ሰው ነሽ፤ በገዢዋ ስም ከፈረምሽ ዋጋው ነገ ውድ ነው በተባለ ጊዜ "ከሻጩ ጋር ተመሳጥራ ነው" መባልሽ አይቀርም። ሪያድ ኤምባሲያችን አለ፣ እዚያ ሄዳ ለወንድሟ ወይ ለእናቷ ውክልና ትስጥ፣ ወረቀቱ እዚህ ሲመጣ ውጭ ጉዳይ ያረጋግጠዋል። ይቆያል፣ አዎ። ቢሆንም ይቆይ። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ ውል ለማዋዋል ሥልጣን ያለው አካል ፊት መደረግ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ነው)፣ በችኮላ የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንቺ በሙያሽ የምትችዪው ሌላ ነገር አለ፦ ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ቤቱ ላይ እዳና እገዳ አለመኖሩን ከማዘጋጃ ቤት እንዲጣራ ማድረግ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው መስማማቱን ማወቅ። ይህንን በደንብ ከሠራሽላት የልጅቷን የላብ ዋጋ አዳንሽላት ማለት ነው።

አሁን ወደ ስልኩ። የሪያድና የደሴ ሰዓት አንድ ነው፣ ስለዚህ አንቺ ጋ እኩለ ሌሊት ሲሆን እሷም ጋ እኩለ ሌሊት ነው። ልጅቷ ንቃሽ አይመስለኝም። የምትሠራበት ቤት አምሽቶ ነው የሚበላው፣ ሳህኑ ታጥቦ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ስልኳን በእጇ የምትይዘው ያኔ ነው። ስልክሽን ብታጠፊባት ዕድሜዋን የለፋችበት ብር የት እንደደረሰ ሳታውቅ ነው የምታድረው፣ በማግስቱ ሃያ ጊዜ ብትደውል አልፈርድባትም። የሚያስፈልጋት ቁርጥ ያለ ቀንና ሰዓት ነው። እንዲህ ብለሽ ላኪላት፦

"እህቴ እንዴት ነሽ? ስለ ቤቱ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ4 እስከ 4 ተኩል እናውራ። ካልተመቸሽ ሌላ ሰዓት ምረጪ፣ ከ5 ሰዓት በፊት ይሁን እንጂ። በመሃል የሚመጣብሽን በድምፅ ላኪልኝ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ሥራ ስገባ ሰምቼ እመልስልሻለሁ። ቀለምና ጥገና የኔ ሥራ አይደለም፣ ለእናትሽ ንገሪያቸው።"

ከዚያ በኋላ ያልሽውን ጠብቂ። ማክሰኞ ማታ 4 ሰዓት ላይ እሷ ሳትደውል አንቺ ደውዪ፣ አዲስ ነገር ባይኖርም "እስካሁን የለም" በዪያት። ረቡዕ ሌሊት ስትደውል አታንሺ። አንድ ቀን ካነሳሽ ሰዓቱ ፈርሷል። ሌሎቹንም ደንበኞችሽን እንዲሁ አድርጊ፣ ደሴ ያለ ሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ስለ ቤት የሚያስደውለው ነገር የለውም።

ኮሚሽኑን ውሉ ሳይፈረም ተናገሪ። ከተፈረመ በኋላ የሚያስታውስሽ የለም። ቤቱ 4 ሚሊዮን ብር ቢሆን፣ በሁለት በመቶ ብታስቢው 80,000 ብር ነው፤ ይህንን ቁጥር በአፍሽ ማውጣት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፣ በተለይ እናቷ ፊት። ቢከብድም በዪው። ለጉርብትናው ብለሽ መቀነስ ከፈለግሽ መጀመሪያ ሙሉውን ጥሪ፣ ከዚያ "ላንቺ ይህን ያህሉን ትቼልሻለሁ" በዪ። ዝም ብለሽ ከተውሽው ግን ውለታ መዋልሽን እንኳን የሚያውቅልሽ አይኖርም፣ የሚቀጥለውም ጎረቤት በነፃ ይጠብቅሻል።

እናትሽ "የሰው አገር ለፍታ ነው፣ እምቢ አትበያት፣ ሰው እንዳይቀየመን" ይሉሻል። ደግ ሰው መሆናቸው ከጽሑፍሽ ይታያል። ግን በግልጽ እንነጋገር። እሳቸው የሚሰጡት የራሳቸውን አይደለም፣ ያንቺን እንቅልፍና የወንድምሽን የትምህርት ቤት ብር ነው። የሚሰጉለትን ጉርብትናም ቢሆን የሚያፈርሰው ቀለሙ በሦስት ወር ሲላላጥ ወይም ቀብዱ ሲጠፋ ነው፣ አንቺ ዛሬ ዋጋሽን ስትናገሪ አይደለም። አጠገባቸው ተቀምጠሽ ሒሳቡን በወረቀት አሳዪያቸው፦ በወር ስንት ይገባል፣ ስንት ለቤት ይወጣል፣ ስንቱ በነፃ ለተሠራ ሥራ ሄዷል። ቀለም ቀቢውን ደግሞ የልጅቷ እናት ይፈልጉ። የልጃቸው ቤት ነው።

ደብዳቤሽ ላይ ያነሳሻቸውን የቀሩትን ነገሮች ቶሎ ልበልልሽ። ቤት አይተው ከሻጩ ጋር ተደብቀው ለሚጨርሱት፦ ከማሳየትሽ በፊት ስም፣ ቀንና የቤቱ አድራሻ ያለበት አንድ ወረቀት አስፈርሚ፣ የማይፈርም ይቅር። ከሥራ በኋላ ካልሆነ አይመቸኝም እያለ ለራት ለሚጋብዝሽ ሰውዬ፦ ባዶ ቤት ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ብቻሽን ለማንም አታሳዪ፣ ራቱን "እግዜር ይስጥልኝ፣ አልችልም" በዪና ምክንያት አትደርድሪ።

አጎትሽ "ድለላ ሥራ አይደለም፣ ባንክ ተፈተኚ" ስለሚሉት፣ ተፈተኚ፣ ክፋት የለውም። ከስልኩ ለመሸሽ ብለሽ ግን አይሁን። በሁለት ዓመት ያገኘሽው የሰው እምነት ቀላል አይደለም፣ እኔ ብሆን አልጥለውም። ንግድ ፈቃድና ቲን አውጪ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ወደ ኪራይ አመዝኚ፤ ብሩ ትንሽ ቢሆንም ቶሎ ይዘጋል፣ በየወሩም ይገባል። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ በሳምንት ሁለት ቀን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደሽ እዚያ ብትሠሪ፣ ጎረቤት ያልሆነ ደንበኛ ታገኛለሽ።