ትራንስዲዩሰሩን የት ላስረው? በካያክ ዓሣ ለምታጠምዱ

አሜሪካ ውስጥ ፖቶማክ ወንዝና ቼሳፒክ ቤይ ላይ በካያክ የምታጠምዱ ወገኖች ስለ ፊሽ ፋይንደር፣ ማለትም ዓሣና ጥልቀት በድምፅ ለይቶ ስክሪን ላይ ስለሚያሳየው ማሽን፣ ብዙ ጠይቃችሁኛል። አብዛኛው ጥያቄ ትራንስዲዩሰሩ የት ይታሰር የሚል ነው። ትራንስዲዩሰር ድምፅ ወደ ውሃው የሚልከውና ተመልሶ የሚመጣውን ማሚቶ የሚሰማው ክፍል ነው። ያለ እሱ ስክሪኑ ባዶ ነው። ወደ ጥያቄዎቹ እንሂድ።

ጥያቄ፦ ካያኬ አዲስ ነው፤ መብሳት አልፈልግም። ሳልበሳው ይሆናል?

ይሆናል፣ ወንድሜ። መሰርሰሪያውን ለጊዜው መልሰው። አብዛኞቹ የማጥመጃ ካያኮች ከፖሊኢትሊን ፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው፤ የተለመደው ሶናር (በድምፅ ማሚቶ የሚለየው መሣሪያ) ድምፅ ደግሞ በዚህ ፕላስቲክ ያልፋል። ስለዚህ ትራንስዲዩሰሩን ከውስጥ በኩል ወለሉ ላይ ማጣበቅ ትችላለህ።

ጠላትህ አየር ነው። በትራንስዲዩሰሩና በወለሉ መሃል የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ብትቀር እንኳ ምልክቱን ታበላሸዋለች። መሃሉ ፎም የሆነ ወለልም እንዲሁ ድምፁን ይዘጋል። ከማጣበቅህ በፊት ሞክረው፦ ያሰብክበት ቦታ ላይ ትንሽ ውሃ አፍስስ፣ ትራንስዲዩሰሩን ውሃው ውስጥ አስቀምጥና ካያኩን አንሳፍፈው። ጥልቀቱን በትክክል ካነበበ ቦታው ይሆንሃል። ከመቀመጫው አካባቢ ጠፍጣፋ ቦታ ፈልግ።

ጥያቄ፦ በምን ላጣብቀው? ቤት ውስጥ ሲሊከን አለኝ።

ሲሊከኑን ለመታጠቢያ ቤትህ አስቀምጠው። ፖሊኢትሊን ማጣበቂያ አይወድም፤ ሲሊከን ቶሎ ይላቀቅበታል። ብዙ የካያክ ሰው የሚጠቀመው ማሪን ጉፕ የሚባለውን ማጣበቂያ ነው። ወለሉን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርግና በአልኮል ጥረገው። ጉፑን ወፈር አድርገህ አፍስስ። ከዚያ ትራንስዲዩሰሩን በአንድ ጎኑ ጀምረህ እያሽከረከርክ ተጫነው፤ አረፋው በጎን ይወጣል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ እስከ 3 ቀን ሳትነካው ተወው።

ለጀማሪ ግን እኔ የምመርጠው ዳክት ሲል የሚባለውን ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቀዳዳ የሚደፍኑበት፣ የማይደርቅ ለስላሳ ማሸጊያ። ርካሽ ነው። ቦታው ካልተመቸህ ነቅለህ ሌላ ቦታ ታደርገዋለህ። ጉፕ ከደረቀ በኋላ እንዲህ ያለ ዕድል የለም።

ጥያቄ፦ የኔው ሳይድ ኢሜጂንግ (የግራና ቀኙን ውሃ በምስል የሚያሳይ) ያለው ነው። እሱንም ከውስጥ ላድርገው?

እዚህ ላይ ምክሬ ይለወጣል፣ እህቴ። የተለመደው ሶናር በ83 ወይም በ200 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል። ኢሜጂንጉ ግን ብዙ ጊዜ በ455 ወይም በ800 ነው፤ ይህ ድምፅ ፕላስቲኩን ሲያልፍ በጣም ይደክማል። ግራና ቀኙንም የሚጋርደው ነገር መኖር የለበትም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ መግባት አለበት።

ከካያኩ ጎን ባለው ትራክ (ዕቃ የሚታሰርበት ሐዲድ) ላይ የሚታሰር ክንድ ግዢ፤ መብሳት አያስፈልገውም። ወደ ባሕሩ ዳርቻ ስትጠጊ ወደ ላይ አጥፊው። ዓሣ ጎትተሽ በማታስገቢበት ጎን እሰሪው፤ አለበለዚያ ክሩ ይጠመጠምበታል። በውሃ መውረጃ ቀዳዳው በኩል ከሥር ማሰርም አለ። ካያኩ ለእሱ የተሠራ ጎድጓዳ ቦታ ከሌለው ግን አልመክርም፤ አንድ ቀን ድንጋይ ላይ ስትጎትቺው ትራንስዲዩሰሩ ይሰበራል።

በነገራችን ላይ ከውስጥ የተጣበቀ ትራንስዲዩሰር የውሃውን ሙቀት በትክክል አይነግርሽም። የሚለካው የካያኩን ወለል ነው።

ጥያቄ፦ የትራንስዲዩሰሩ ገመድ ረዘመብኝ። ልቁረጠው?

በፍጹም! ጠቅልለህ እሰረው።

ጥያቄ፦ ባትሪስ?

12 ቮልት፣ 7 አምፒር አወር ለትንንሽ ስክሪን ይበቃል። ማሽኑ ግማሽ አምፒር ቢወስድ በወረቀት 14 ሰዓት ይሆናል፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይወድ 7 ሰዓት ብለህ ያዝ። ሊቲየሙ ውድ ቢሆንም ክብደቱ ከግማሽ ያነሰ ነው። ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ አድርግ፤ መጠኑን የማሽኑ መመሪያ ይነግርሃል።

ጥያቄ፦ ስክሪኑ ላይ ዓሣ አያለሁ፤ መንጠቆዬን ስጥል ግን ምንም የለም።

ጋሼ፣ ያዩት ዓሣ ከሥርዎ ላይሆን ይችላል፤ ጎን ላይም ሊሆን ይችላል። ድምፁ ወደ ታች ሲወርድ እየሰፋ ይሄዳል። በ200 ኪሎ ኸርዝ ስፋቱ ወደ 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 6 ሜትር ጥልቀት ላይ ወደ 2 ሜትር የሚሆን ክብ ያያል። በ83ቱ 60 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ክቡ ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። የቼሳፒክ አማካይ ጥልቀት ከ6 ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ስለዚህ 200ው ላይ ያድርጉት። ደግሞም በስክሪኑ ቀኝ ጫፍ ያለው ብቻ ነው የአሁኑ፤ የተቀረው ያለፈ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ለዘመዶቼ አንድ ልወስድላቸው ነው። በደንገል ታንኳ ላይ ይሠራል?

ይሠራል፤ ከውስጥ ሆኖ ግን አይሞከርም። ደንገሉ የሚንሳፈፈው አየር ስለያዘ ነው፤ ያው አየር ድምፁን ይዘጋዋል። ትራንስዲዩሰሩን እንጨት ጫፍ ላይ እሰሩና ከታንኳው ጎን ወደ ውሃው አውርዱት፤ ከታንኳው ሥር ዝቅ ብሎ ፊቱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይሁን። ጣና ጥልቅ ስላልሆነ ርካሹ ማሽን ይበቃል። ታንኳው ውሃ ስለሚመጥ ባትሪውን ክዳኑ የሚገጥም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ክተቱት።