ወንዴው ዛፍ ሥር ሸራ አታንጥፉ

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ተመርቄ ሥራ እየፈለግኩ ነው። የሀገር በቀል ዛፍ ዘር የሚሰበስቡ ተመራማሪዎች እንዳሉ ሰማሁ። እውነት ይሄ ራሱን የቻለ ሙያ ነው? ዘር መልቀም ምን ምርምር አለው? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ሙያ ነው፤ ያውም ሰው ብዙ የማይሻማበት። ከሩቅ ሲያዩት ጆንያ ይዞ ዛፍ ሥር መጎንበስ ይመስላል። እስቲ ኮሶን እንይ። ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ የሚቆም ዛፍ ነው፣ ጽድና ዝግባም እንደዚያው ናቸው፣ ስለዚህ ወንዴው ሥር ሸራ አንጥፈሽ እስኪመሽ ብትጠብቂ አንዲት ፍሬ አትወርድልሽም። ሴቴዋን አገኘሽ እንበል። ፍሬዋ በስሏል? ውስጡስ ሙሉ ነው? በዚህ በኩል ጽድ አስቸጋሪ ነው፤ ከላይ ያማረውን በምላጭ ከፍለሽ ስታዪው ባዶ ወይም ነፍሳት የበሉት ሆኖ ይገኛል። ለዚህ ነው ለቀማው ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ፍሬ ተቆርጦ የሚታየው።

ዋናው ምርምር ግን እናት ዛፍ መረጣ ላይ ነው። የተለመደው ምክር ቢያንስ ከ30 ዛፎች፣ እርስ በርስ ከ50 እስከ 100 ሜትር ከተራራቁ፣ ልቀሙ ይላል። ጎን ለጎን የቆሙት ብዙ ጊዜ ዘመዳሞች ናቸዋ! ከመንገድ ዳር ሁለት ዛፍ ጆንያ ሙሉ ለቅሞ ለችግኝ ጣቢያ ማስረከብ ቀላል ነው፣ ችግኙም ያምራል፣ ጣጣው የሚመጣው እነዚያ ወንድምና እህት ዛፎች አድገው እርስ በርስ ሲዳቀሉ ወይም አንድ በሽታ ሲገባባቸው ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ የችግኝ ቁጥር እንሰማለን፤ እኔን የሚያምረኝ ግን የዘሩን እናት መጠየቅ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው የመናገሻን ደን አስተከሉ ይባላል። ከስንት ዛፍ እንደተለቀመ የጻፈልን ቢኖር ምን ነበረበት!

በደን ትምህርት መቀጠል ከፈለግሽ ወንዶ ገነት አለልሽ። ሥራውን በደን ምርምር ማዕከላትና በኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት አካባቢ ፈልጊ። ደመወዙ አያስፎክርም። መስክ ይበዛዋል። በገመድ ዛፍ መውጣት ካስፈራሽ ላቦራቶሪም አለ፣ ብቅለት መፈተሽ፣ እርጥበት መለካት። ለጊዜው ግን ብሔራዊው ሄርባሪየም እዚያው ሰፈርሽ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ ነው። በወረቀት መሀል ተጭኖ የደረቀ ቅጠልና አበባ እያዩ ዛፍ መለየት እንዲህ ያለ ቦታ ነው የሚለመደው። ዘር ሰብሳቢም ከለቀመበት ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ እንዲሁ አድርቆ ማምጣት አለበት፤ አለዚያ «ግራር» ብሎ ያመጣው ዘር የየትኛው ግራር እንደሆነ በምን ይታወቃል?

ጥያቄ፦ ከቤተ ክርስቲያን ግቢ የወይራ ፍሬ ለቅሜ በጣሳ ዘራሁ። ወራት አለፉ፣ አንድም የለም። ዘሩ መካን ነው እንዴ? (ጡረተኛ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በዘሩ አይፍረዱ። ዘሩን የሸፈነው ቅርፊት በጣም ጠንካራ ስለሆነ ቡቃያው ቶሎ አይወጣም። ጠቁሮ የበሰለውን ፍሬ በውሃ እያሹ ሥጋውን ያስለቅቁ፣ ጥላ ውስጥ ያድርቁት፣ ከዚያ ቅርፊቱን በፒንሳ ወይም በሞርሳ ቀስ ብለው ሰንጠቅ ያድርጉት። ውስጡ ያለው ዘር እንዳይደቅ ብቻ ይጠንቀቁ። ውሃ ውስጥ አሳድረው ይዝሩት። ለግራር የሚደረገውን፣ የፈላ ውሃ ማፍሰሱን፣ እዚህ አይሞክሩት። ደግሞ የደብሩን አስተዳዳሪ አስፈቅደው ነው የለቀሙት አይደል?

ጥያቄ፦ የጥቁር እንጨት ዘር እስከ ክረምት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ይቻላል? (ከቸርችል ጎዳና)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይሄ እንደ ስንዴ አድርቀህ የምታከማቸው ዘር አይደለም። ግራር በደንብ ከደረቀ ለዓመታት ይቀመጣል። ጥቁር እንጨት ግን በቆየ ቁጥር የመብቀል አቅሙ ቶሎ ይወርዳል፤ ዶቅማማ ከደረቀ አለቀለት። ሥጋውን አጥበህ ወዲያው ዝራው፣ ክረምትን የሚጠብቀው ችግኙ ይሁን። በፌስታል ቋጥረህ ፍሪጅ የከተትከው ካለ ዛሬውኑ አውጣው።