የእንጨትና የሬዚን ድብልቅ ብላንክ ለእስክሪብቶ ሲቆረጥ፦ ጥያቄና መልስ

በእጅ ለሚሠራ እስክሪብቶ የሚሆነውን፣ እንጨትና ሬዚን (ፈሳሽ ሆኖ ተቀድቶ የሚጠነክር ፕላስቲክ መሰል ነገር) ተዋህደው የሚወጡበትን ጥሬ ዘንግ (በሙያው ብላንክ የምንለውን) ያለ አደጋ ስለ መቁረጥ ጥያቄ ያላችሁ ሁሉ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ከአራት ኪሎ፣ ከካዛንቺስ፣ ከሜክሲኮና ከዚሁ ከፒያሳ የደረሱኝን እንደሚከተለው መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ተራ እንጨት ስቆርጥ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። ድብልቁ የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልገው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ምላጩ በአንድ ጉዞ ሁለት ባሕርይ ስለሚያጋጥመው ነው። ዋንዛን በመሰለ ለስላሳ እንጨት ውስጥ በቀላሉ ሲሄድ የነበረው ጥርስ ድንገት ጠንካራና ተሰባሪ ሬዚን ላይ ሲደርስ፣ እጅዎ ግን በቀድሞው ኃይል መግፋቱን ይቀጥላል፤ ቁራጩ የሚነጠቀው ወይም መጋጠሚያው ላይ የሚሰነጠቀው በዚያች ቅጽበት ነው። ሬዚኑም ቢሆን ዓይነቱ ብዙ ነው። ፖሊስተር እንደ ብርጭቆ ይሸረፋል፤ ኢፖክሲ ብዙውን ጊዜ ከእርሱ ይልቅ ይችላል፤ አክሪሊክ ደግሞ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ ሲያልፍ ስለሚለሰልስ፣ በደነዘ መጋዝ ከቆረጡት ከምላጩ ኋላ መልሶ ይጣበቅና ምላጩን ይይዘዋል። የመጋዙን ድምፅ ያዳምጡ፤ ሲከብድ ግፊትዎን ይቀንሱ።

ጥያቄ፦ ባንድ ሶው (ምላጩ እንደ ቀበቶ እየዞረ የሚቆርጥ መጋዝ) ይሻላል ወይስ ክብ ምላጭ ያለው መጋዝ?

መልስ፦ ያለ ማመንታት ባንድ ሶው። ምላጩ ወደ ታች ብቻ ስለሚሄድ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ይጫነዋል እንጂ ወደ ሠራተኛው አይወረውረውም። ክብ ምላጭ ግን ትንሽ ቁራጭ ካገኘ በራሱና በመደገፊያው መካከል አጣብቆ ይወረውራል። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት 4 ሴንቲሜትር የማትሞላ የወይራና የሰማያዊ ሬዚን ቁራጭ በጣቶቼ ይዤ ጫፏን ላስተካክል ስል፣ ምላጩ ከእጄ ነጥቆ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ጣቶቼን እግዚአብሔር አተረፈልኝ፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን ሰማያዊ ጠባሳ ግን እስከ ዛሬ አላስቀባሁትም፤ ተማሪ ሲመጣ አስቀድሜ የማሳየው እርሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ምንም ዓይነት ብላንክ በእጄ ብቻ ይዤ አልቆርጥም። የተለመደው ብላንክ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ገና ሳይቆረጥ ትንሽ ነው። ከጣውላ ተንሸራታች መያዣ ይሥሩለት፣ ብላንኩን እዚያ ላይ በማሰሪያ ይጨብጡት፣ የሚገፉትም መያዣውን ይሁን። በክብ ሻጋታ የተቀዳ ዘንግ ከሆነ መሐሉ በማዕዘን የተቦረቦረ ጣውላ ላይ ያስተኙት፤ አለዚያ ምላጩ ሲነካው ይንከባለልና ምላጩንም ይሰብራል። የምላጩ የላይኛው መምሪያ ከብላንኩ 5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይበል፤ ቢያንስ 3 ጥርስ ምንጊዜም ቁራጩ ውስጥ መሆኑንም ያረጋግጡ። ክብ መጋዝ ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ብላንኩን አጥብቆ ይሰር፣ ምላጩ ሙሉ ፍጥነቱን ሳይዝ አያስነካው፣ ቆርጦ ሲጨርስም ፈጽሞ ሳይቆም አያንሣው።

ጥያቄ፦ ያለኝ ግራይንደር ብቻ ነው። የብረት መቁረጫ ዲስክ ብጠቀምስ?

መልስ፦ አይጠቀሙ። ዲስኩ ሬዚኑን ከመቁረጥ ይልቅ ፈጭቶ ያቃጥለዋል፤ ጭሱም ለሳንባ መጥፎ ነው። ይልቁንም ብላንኩን በሁለት ስስ ጣውላ መካከል አድርገው በሞርሳ ያስሩትና በእጅ የብረት መጋዝ፣ በኢንች 18 ጥርስ ባለው፣ በእርጋታ ይቁረጡት። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ የሚወጣው ጠርዝ ግን ብዙ ጊዜ ከማሽኑ የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ እየቆረጥኩ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ምላጩ እስኪቆም ብላንኩን ሳያንቀሳቅሱ ይጠብቁ፣ ከዚያ ማጥፊያውን ይዝጉና ሶኬቱን ይንቀሉ። ብዙዎቻችን ማጥፊያውን እንደ በራ ትተን ሻማ ፍለጋ እንሄዳለን፤ መብራቱ ሲመለስ ማሽኑም በራሱ ይነሣል።

ጥያቄ፦ ፒያሳ ከፈረሱ አሮጌ ቤቶች የተረፈ የበር እንጨት ሰብስቤአለሁ። ከሬዚን ጋር ማዋሃድ ይቻላል?

መልስ፦ እንዴት ያለ ቆንጆ ሐሳብ ነው! ከእንዲህ ያለ እንጨት የወጣ እስክሪብቶ ለባለቤቱ ከዕቃ በላይ ነው። ነገር ግን ከጊዜ ብዛት ጭንቅላቱ ተበልቶ ከላይ የማይታይ ምስማር ውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ሬዚን ከፈሰሰበት በኋላማ ጨርሶ ይሰወራል። ስለዚህ ሬዚኑን ከማፍሰስዎ በፊት ጠንካራ ማግኔት በክር አንጠልጥለው በአራቱም ጎን ያሳልፉ፤ ክሩ ዘንበል ካለ እዚያ ብረት አለ። አሮጌ ቀለም ካለበትም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቁት።

ጥያቄ፦ ሬዚን ወደ እንጨት ለማስረግ የምጠቀምበት አየር መምጠጫ (ቫኪዩም) ፓምፕ መለኪያው ከ22 ኢንች (በሜርኩሪ) ብዙም አያልፍም። ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ዳርቻ 30 ኢንች ሊጠጋ የሚችለው መለኪያ እዚህ ከ22 ተኩል ብዙም አይዘልም፤ 28 እና 29 የሚሉት መመሪያዎች የተጻፉት ለዝቅተኛ ቦታ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ከእንጨቱ የሚወጣው አረፋ እስኪያቆም መታገሥ ይበልጣል። ፖሊዩሬቴን ሬዚን የሚጠቀሙ ከሆነ በተለይ በክረምት እንጨቱን በደንብ ያድርቁት፤ እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይፈጥርና በአረፋ ይሞላል። ባዶ ኪስ ያለበት ብላንክ ደግሞ ምላጩ እዚያ ሲደርስ ይፈረካከሳል።

ጥያቄ፦ የምሠራው ቤት ውስጥ ነው፤ ልጆችም አሉ። ጭምብልና ጓንት ይበቃሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓንቱን በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ፈጽሞ አያድርጉ፤ ምላጩ ጨርቁን ሲይዝ እጅዎን አብሮ ይስባል። ነጠላውን፣ የአንገት ልብሱንና ሰፊውን እጅጌም እንዲሁ ያስወግዱ፤ ፀጉርዎን ይሰሩ። ለዓይን መነጽር፣ በላዩም የፊት መከለያ ያስፈልጋል። የጨርቅ ጭምብል ደቃቁን ብናኝ አያስቀርም፤ ኤን 95 ወይም ከዚያ የተሻለ ይግዙ። ብናኙ ሥራው ካበቃ በኋላም አየር ላይ ስለሚቆይ ልጆቹ ወዲያው እንዳይገቡ፣ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ እንዳይጠረግ። የሥራ ልብስዎን ሳይቀይሩ ልጅ አይቀፉ። በደንብ ያልደረቀ ኢፖክሲን ደግሞ አይቁረጡ፤ ብናኙ ቆዳን ያስቆጣል፤ አንድ ጊዜ አለርጂ ካስያዘ ብዙውን ጊዜ አይለቅም።

ጥያቄ፦ በምን ያህል ርዝመት ልቁረጥ? በትራፓኖ ስበሳው ጫፉ ይፈነዳብኛል።

መልስ፦ የሚፈነዳው ፑንታው (መብሻው ብረት) በሌላው ወገን ሲወጣ ነው፤ ስለዚህ እንዲወጣ አይፍቀዱለት። 7 ሚሊሜትር ውፍረትና 53 ሚሊሜትር ርዝመት ላለው፣ ብላንኩ ውስጥ ለሚገባው የናስ ቱቦ 13 ሴንቲሜትሩን ብላንክ መሐል ለመሐል እከፍለዋለሁ፤ እያንዳንዱ 64 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ከዚያ በዝግታ፣ ፑንታውን ቶሎ ቶሎ እያወጣሁና ፍርፋሪውን እየጠረግሁ፣ 57 ሚሊሜትር ያህል ብቻ እበሳና የተዘጋውን ጫፍ በመጋዝ ቆርጬ ቀዳዳውን እከፍተዋለሁ። ያቺ የምትቆረጠው ስስ ጫፍ ምላጩና ጠረጴዛው መካከል ባለው ክፍተት ገብታ እንዳትነክስ፣ አስቀድመው ስስ ጣውላ በጠረጴዛው ላይ አስረው ምላጩ ራሱ መንገዱን እንዲቆርጥበት ያድርጉ። ማሽኑ ቆሞ ሳያዩም በእጅዎ አያንሷት።