የኦብሲዲያን ፕለጊኖችን ከተርሚናል ስታድስ ዳታ.ጄሰንን አትንካ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ «የማስታወሻ አፑን ኦብሲዲያንን በሦስት ኮምፒውተር እጠቀማለሁ፤ ፕለጊኖቹን (አፑ ላይ የሚጨመሩትን ቅጥያዎች) በማውዝ አንድ በአንድ መጫን ሰለቸኝ፤ አፑን ሳልከፍት ከተርሚናል መጫንና ማደስ ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ይቻላል። ሰው የሚጎዳው ግን ሲጭን ሳይሆን ሲያድስ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ። ከርል (ፋይል ማውረጃው)፣ ጊት (የለውጥ ታሪክ መያዣው) እና ጄኪው (የጄሰን ፋይል ማንበቢያና ማረሚያው) እንዳሉህ፣ አጠቃቀማቸውንም እንደምታውቅ ቆጥሬ ነው የምጽፈው።

1. ፕለጊኖቹ ያሉት ቮልትህ (ማስታወሻዎችህ ያሉበት ፎልደር) ውስጥ፣ በነጥብ በሚጀምረው ድብቁ «.ኦብሲዲያን» ፎልደር ሥር፣ «ፕለጊንስ» በሚለው ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ፕለጊን የራሱ አንድ ፎልደር አለው። የፎልደሩን ስም ከራስህ አትፍጠር፤ የፕለጊኑ መግለጫ ፋይል የሆነው ማኒፌስት.ጄሰን ላይ «አይዲ» ከሚለው ፊት የተጻፈውን እንዳለ ውሰድ። ለመጫን የምትፈልገው ሜይን.ጄኤስን፣ ማኒፌስት.ጄሰንንና ስታይልስ.ሲኤስኤስን ብቻ ነው። የመጨረሻው ብዙ ፕለጊኖች ላይ ጨርሶ የለም፤ ስታጣው አትደንግጥ።

2. ፋይሎቹን የምታወርደው ከጊትሃብ ሪሊዝ (ገንቢው ለተጠቃሚ አዘጋጅቶ ካወጣው ቅጂ) ነው። ሪፖዚተሪውን ክሎን አድርገው ፕለጊንስ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች ፕለጊኑ አልነሳ ሲላቸው ገንቢውን ይወቅሳሉ። ክሎን ያደረጉት ብዙውን ጊዜ የታይፕስክሪፕት ምንጭ ኮድ ነው፤ ሜይን.ጄኤስ የሚገኘው ኮዱ ቢልድ ከተደረገ በኋላ ነው፣ የሚቀመጠውም ሪሊዙ ላይ ነው። የትኛውን ሪሊዝ እንደምትወስድ ለማወቅ በሪፖዚተሪው ዋና ብራንች ላይ ያለውን ማኒፌስት አንብብ። እዚያ የተጻፈው ቨርዥን 1.4.2 ከሆነ የሪሊዙ ታግም ፊቱ «ቪ» ሳይጨመርበት 1.4.2 መሆን አለበት። አፑ ራሱ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። በጭፍን «የመጨረሻው ሪሊዝ» የሚለውን ሊንክ ከተከተልክ ከማኒፌስቱ ጋር የማይገጥም ፋይል ሊደርስህ ይችላል።

ከርል ላይ ትልቁን ኤልና ትንሹን ኤፍ (-L እና -f የሚባሉትን አማራጮች) አትርሳ። ጊትሃብ የሪሊዝ ፋይል ስትጠይቀው ወደ ሌላ አድራሻ ይመራሃል፤ ትልቁ ኤል ከሌለ ከርል ወደ አዲሱ አድራሻ አይሄድምና ባዶ ፋይል ይዘህ ትቀራለህ። ኤፍ ከሌለ ደግሞ ፋይሉ በማይኖርበት ጊዜ የስህተት መልእክቱን ራሱን ፋይል አድርጎ ያስቀምጥልሃል። 9 ባይት ብቻ የሆነ ስታይልስ.ሲኤስኤስ ካየህ ክፈተው፤ ውስጡ «ኖት ፋውንድ» ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም የለም። ያው 9 ባይት ሜይን.ጄኤስ ላይ ሲያርፍ ነው ሰው ግማሽ ቀን የሚያባክነው።

3. ፋይሉን ማስቀመጥ ብቻውን ፕለጊኑን አያበራውም። «.ኦብሲዲያን» ውስጥ ያለው ኮሚዩኒቲ-ፕለጊንስ.ጄሰን የበሩትን አይዲዎች የያዘ ዝርዝር ነው፤ የአዲሱን አይዲ እዚያ ጨምር። በእጅ ከጻፍክ ከመጨረሻው ስም በኋላ የቀረች አንዲት ኮማ ፋይሉን ታበላሸዋለች፣ ስለዚህ በጄኪው ሥራው። የጄኪውን ውጤት ግን ወደዚያው ፋይል አትመልስ። ሼሉ (ተርሚናሉ ላይ ትእዛዝህን የሚቀበለው ፕሮግራም) ጄኪውን ከማስነሳቱ በፊት የሚጻፍበትን ፋይል ባዶ ያደርገዋል፤ ጄኪው ሲደርስ የሚያነበው ነገር የለም፣ ዝርዝርህም ዜሮ ባይት ሆኖ ይቀራል። መጀመሪያ ወደ ጊዜያዊ ፋይል ጻፍ፣ ከዚያ ፋይል በሚያዛውረው ትእዛዝ በኤምቪ ተካው። ይህን ስትሠራ አፑ ዝግ ይሁን፤ ክፍት ከሆነ፣ ቆይቶ የራሱን ዝርዝር መልሶ ሊጽፍብህ ይችላል።

አሁን ወደ ማደሱ። ኢንተርኔት ላይ ተገልብጠው የሚዞሩ ብዙ ስክሪፕቶች የፕለጊኑን ፎልደር በማጥፊያው ትእዛዝ በአርኤም ጠርገው አዲሱን ያስቀምጣሉ። ይህ በጣም ያናድደኛል፤ ምክንያቱም ያስተካከልከው ሴቲንግ ሁሉ ያለው እዚያው ፎልደር ውስጥ፣ ዳታ.ጄሰን በሚባል ፋይል ነው። ከሪሊዝ አይወርድም፣ ሌላ ቦታም ቅጂ የለውም። ፎልደሩ ሲጠረግ የቴምፕሌት መንገዶችህ፣ የቀን አጻጻፍህ፣ የኤፒአይ ቁልፍህ (ፕለጊኑ ሌላ አገልግሎት የሚገባበት የሚስጥር ቃል) አብረው ይሄዳሉ፤ ፕለጊኑም እንደ አዲስ ይነሳል እንጂ ስህተት አያሳይህም። ጉዳቱ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው። ወደ ጊዜያዊ ፎልደር አውርድ። ሜይን.ጄኤስ ባዶ አለመሆኑን እይ። ጄኪው ማኒፌስቱን ማንበብ መቻሉን፣ አይዲውም ካለህ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጥ። «ሚንአፕቨርዥን» የሚለው፣ ማለትም ፕለጊኑ የሚፈልገው ዝቅተኛው የአፑ ቨርዥን፣ አንተ ከጫንከው ኦብሲዲያን በላይ ከሆነ እዚያው አቁም፤ ለአሮጌው አፕ የሚስማማው የፕለጊን ቨርዥን ሪፖዚተሪው ላይ ቨርዥንስ.ጄሰን ውስጥ ይገኛል። ሁሉም ካለፈ የወረዱትን ፋይሎች ብቻ በነባሮቹ ላይ ገልብጥ። ዳታ.ጄሰን ካለበት አይነቃነቅ። እዚህም አፑ ዝግ ይሁን፣ ፕለጊኑ በሜሞሪ የያዘውን የቆየ ሴቲንግ ቆይቶ ሊጽፍበት ስለሚችል።

ወደ ሌሎቹ ሁለት ኮምፒውተሮች በአርሲንክ (ፎልደሮችን አንድ ዓይነት በሚያደርገው ትእዛዝ) የምታሻግር ከሆነ «ዲሊት» የሚለው ምልክት ያው አደጋ አለው፤ ምንጩ ላይ ዳታ.ጄሰን ከሌለ መድረሻው ላይ ያለውን ያጠፋዋል። «ኤክስክሉድ» ብለህ ዳታ.ጄሰንን ካስወጣኸው ግን አይነካውም። በጊት ከሆነ የከፈትካቸውን ገጾች የሚመዘግበውን ወርክስፔስ.ጄሰንን ጊትኢግኖር (ጊት የሚተዋቸው ፋይሎች ዝርዝር) ውስጥ አስገባ፤ ገጽ በከፈትክ ቁጥር ስለሚለወጥ በየጊዜው ኮንፍሊክት ያመጣብሃል። የኤፒአይ ቁልፍ ያለበትን ዳታ.ጄሰንም ከመጀመሪያው ኮሚት በፊት አስወጣ። አንዴ ፑሽ ከተደረገ በኋላ ጊትኢግኖር ከታሪኩ አያጠፋውም፤ ቁልፉን ሰርዘህ አዲስ ማውጣት ግድ ይሆንብሃል።

በየኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ በእጅህ የምትሠራው ነገር ይቀራል። ሪስትሪክትድ ሞድ የሚባለው፣ ፕለጊኖችን የሚያግደው ጥበቃ ቮልቱ ውስጥ ባለ ፋይል አይከፈትም፤ ቮልቱን በአዲስ ማሽን ስትከፍት አፑ ባለቤቱን ታምነዋለህ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል። እሺ እስክትል ድረስ ዝርዝሩ ትክክል ቢሆንም አንድም ፕለጊን አይነሳም።