የመዋኛ ገንዳ ፓምፕ አየር ሲስብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከጎንደር፣ ማራኪ)፦ ፓምፑ ሲሠራ ወደ ገንዳው በሚመለሰው ውኃ ውስጥ አረፋ ይታያል፤ በመስመሩ ላይ ግን የፈሰሰ ውኃ አላገኘሁም። አየሩ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ከገንዳው እስከ ፓምፑ ካለው የመሳቢያ መስመር ነው። ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ በዚህ መስመር ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ግፊት ስለሚያንስ፣ ክፍተት ካለ ውኃ በማፍሰስ ፈንታ አየር ይስባል፤ ከፓምፑ በኋላ ያለ ክፍተት ግን ውኃ ወደ ውጭ ይረጫል። ስለዚህ መጋጠሚያው ደረቅ መሆኑ የጤንነቱ ማስረጃ አይሆንም። ፓምፑ ከገንዳው የውኃ ወለል ዝቅ ብሎ የተተከለ ከሆነ አጥፍተው ይመልከቱ፤ ሲሠራ አየር ይስብ የነበረው ቦታ ሲቆም ውኃ ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ፍተሻውን ከምን ልጀምር?

መልስ፦ አንድም መፍቻ ሳያነሡ የገንዳውን የውኃ መጠን ይመልከቱ። ውኃው በግድግዳው ላይ ካለው የመሳቢያ አፍ አጋማሽ በታች ከወረደ ፓምፑ በዚያው አየር ይስባል፤ ጥገናውም ውኃ መጨመር ብቻ ነው። ቀጥሎ የፓምፑን የማጣሪያ ክዳን ይክፈቱ፤ ችግሩ በአብዛኛው የሚገኘው እዚህ ነው። ባለሙያዎች ኦሪንግ የሚሉትን የጎማ ቀለበት አውጥተው አሸዋውን ይጥረጉ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ከተጨፈለቀ ይቀይሩት፣ ደህና ከሆነ ደግሞ የሲሊኮን ግራሶ ቀብተው ይመልሱት። ቫዝሊን ብዙ ዓይነት ጎማ ስለሚያበላሽ አይጠቀሙ።

ከዚያ ፓምፑን አስነሥተው በክዳኑ ዙሪያ፣ በማፍሰሻ ቡሾኖቹ፣ በቫልቮቹ እጀታና ቧንቧው ወደ ፓምፑ በሚገባበት ጥርስ (የሚጠመዘዘው መጋጠሚያ) ላይ የጢም መላጫ አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው ወደ ውስጥ የተሳበበት ቦታ ክፍተቱ ነው። ጥርሱ ላይ ከሆነ ፈትቶ ጥርሱ ላይ በሚጠቀለለው ቀጭን ጥብጣብ፣ በአዲስ ቴፍሎን፣ ማሰር ያስፈልጋል። ከውጭ ሲሊኮን መለጠፍን ፈጽሞ አልመክርም፤ ለጥቂት ቀን ደብቆት፣ በኋላ ክፍተቱን ለማግኘት እንኳ ያስቸግራል።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፓምፑ ይጮኻል እንጂ ውኃ አይስብም። የጎንደር ከፍታ ምክንያት ይሆን?

መልስ፦ ከፍታው ያባብሰዋል እንጂ ዋናው ምክንያት አይደለም። ፓምፕ የሚስበው የውጭው አየር ውኃውን ስለሚገፋለት ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ ይህ ግፊት ውኃን ቢበዛ 10 ሜትር ያህል ሲያነሣ፣ ከ2,100 ሜትር በላይ በሆነችው ጎንደር ግን ወደ 8 ሜትር ይወርዳል፤ በተግባር የሚገኘው ከዚህም ያነሰ ነው። የእርስዎ ፓምፕ ከውኃው ወለል በላይ ከተተከለ፣ መብራት ሲጠፋ በክፍተቱ አየር ገብቶ በመስመሩ የነበረው ውኃ ወደ ገንዳው ይመለሳል። መብራት ሲመጣ በራሱ እንዲነሣ አይተዉት፤ ደርቆ የሠራ ፓምፕ ይግልና የፕላስቲኩን ጥርስ ያጣምማል፣ በዚህም ሌላ ክፍተት ይፈጠራል። በፓምፑ የማጣሪያ ክዳን ሥር ያለውን የቅርጫት ቤት ውኃ ሞልተው፣ ክዳኑን አጥብቀው ያስነሡት።

ጥያቄ፦ ክፍተቱ ከመሬት በታች ቢሆንስ?

መልስ፦ የመሳቢያ መስመሮቹን ቫልቮች በየተራ ይዝጉ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ግን አይዝጉ። አንዱ ሲዘጋ አረፋው ከቆመ ችግሩ በዚያ መስመር ነው፤ ከመቆፈር በፊት በግፊት እንዲፈተሽ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ከፓምፑ በኋላ ባለው ትልቁ የማጣሪያ ጋን አናት የሚጠራቀመው አየር ጉዳት አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ይህን አደራ እላለሁ። የታመቀ አየር የጋኑን ክዳን አስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ፓምፑን ከማስነሣትዎ በፊት በአናቱ ያለውን የአየር ማስወጫ ይክፈቱ፣ ውኃ ብቻ መውጣት እስኪጀምር ድረስም ክፍት ይተዉት፤ ፓምፑ እየሠራ የክዳኑን ማሰሪያ ፈጽሞ አይንኩ።