ክንዳችሁን የሚያቆዩላችሁ የማትወረውሩባቸው ቀናት ናቸው

ልጆቼ፣

በቤዝቦል ሜዳ መሃል ባለችው ጉብታ ላይ ቆሞ ኳስ መወርወርን መተዳደሪያችሁ ልታደርጉ ለምታስቡ ሁሉ እጽፋለሁ። አሜሪካ ውስጥ ከምታድጉት የብዙዎቻችሁ ወላጆች ጨዋታውን አያውቁትም፤ አሰልጣኙ «ዛሬም ወርውር» ሲል ቤት ውስጥ «ትናንት ስንት ወረወረ?» ብሎ የሚጠይቅላችሁ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ሒሳቡን ራሳችሁ መያዝ አለባችሁ። የፒቸር፣ ማለትም የወርዋሪው፣ ሙያ የሚጸናውም የሚፈርሰውም በአብዛኛው በጨዋታና በጨዋታ መካከል ባሉት ቀናት ነው።

ፒቸሩ ከሚረግጣት ነጭ ላስቲክ መቺው አጠገቧ እስከሚቆምባት ሆም ፕሌት ያለው ርቀት 18.44 ሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1893 ወዲህ አልተለወጠም (ዓመታቱን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። የፕሌቷ ስፋት 43 ሴንቲ ሜትር፣ የኳሷ ክብደት ከ142 እስከ 149 ግራም ነው። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ መቺው ጋ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ያህል ብቻ ይፈጅባታል። መልማዮች የፍጥነት መለኪያ ይዘው የሚመጡት ለዚህ ነው፤ ያለ ፍጥነት ዛሬ ወደ ሙያው መግባት ከባድ መሆኑን አልደብቃችሁም። ግን ፒቸሩን ግሬግ ማደክስን ተመልከቱ። በዘመኑ ከነበሩት ፈጣኖች ጋር የሚቆጠር አልነበረም፤ ኳሷን በፕሌቷ ጠርዝ ላይ ማሳረፍና በአንድ ዓይነት የክንድ እንቅስቃሴ ፍጥነቷን መቀያየር ግን ያውቅ ነበር። ከ1992 እስከ 1995 ለዓመቱ ምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግን ሽልማት አራት ዓመት በተከታታይ ወሰደ፤ በሙያ ዘመኑ 355 ጨዋታ አሸነፈ።

የውርወራው ኃይል ከክንድ የሚመጣ ይመስላል እንጂ የሚነሳው ከእግር ነው። የኋላ እግር ላስቲኳን ይገፋል፤ የፊት እግር የቁመታችሁን 80 በመቶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ተራምዶ ከፕሌቷ ጀርባ ኳሷን ወደሚቀበለው ካቸር አቅጣጫ ያርፋል፤ ከዚያ ዳሌ፣ ቀጥሎ ደረት፣ ቀጥሎ ትከሻ፣ በመጨረሻም ክርንና የእጅ አንጓ ይከተላሉ። ለቡሄ ጅራፍ ያጮኸ ልጅ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ጫፉ የሚጮኸው እጀታው ቀድሞ ሄዶ ቆም ሲል ነው። የፊት እግር መሬት ሲነካ ክርናችሁ ትከሻችሁ ከፍታ ላይ መድረስ አለበት። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እግር ሳያርፍ የፊት ትከሻ ቀድሞ ከተከፈተ ክንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ኳሷ ወደ ላይና ወደምትወረውሩበት እጅ ወገን ታመልጣለች፤ ጫናውም ክርን ላይ ይወድቃል። ይህን በስሜት ማወቅ አይቻልም። ጓደኛችሁ ከጎን በስልክ ይቅረጻችሁ፤ ምስሉን እግር መሬት በነካበት ቅጽበት አቁማችሁ ክርንና ትከሻን ተመልከቱ። እርማቱንም ኳስ ሳትይዙ፣ በእጃችሁ ፎጣ ይዛችሁ በዝግታ ተለማመዱት፤ ክንድ ሳይደክም እንቅስቃሴው ይሰርጻል።

ስለ ኳስ ዓይነቶች፣ ወጣቶች በአንድ ክረምት አምስት ዓይነት ለመማር ትቸኩላላችሁ። ሁለት ይበቃችኋል። የመጀመሪያው ባለ አራት ስፌት ፋስትቦል ነው፦ ጠቋሚና መሃል ጣት የስፌቱን የፈረስ ኮቴ ቅርጽ አቋርጠው ያርፋሉ፤ አውራ ጣት ከሥር ይደግፋል፤ በኳሷና በመዳፉ መካከል ክፍተት ይቀራል። ኳሷ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ስለምትሄድ አየሩ ይደግፋታል፤ መቺው ከጠበቀው በላይ ሳትወድቅ ትደርሳለች። ሁለተኛው ቼንጅአፕ ነው። ኳሷ ወደ መዳፍ ጠለቅ ብላ ትያዛለች፤ አውራና ጠቋሚ ጣት በጎኗ ክብ ይሠራሉ፤ ክንድ ልክ እንደ ፋስትቦል በሙሉ ፍጥነት ይሄዳል፤ ኳሷ ግን በሰዓት ከ13 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ዘግይታ ትመጣለች። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚሳሳተው ኳሷን ለማዘግየት ክንዱን በማዘግየት ነው፤ መቺው ያንን ወዲያው ያያል። ከርቭቦልና ስላይደር የሚባሉት ተጠማዛዥ ኳሶች እነዚህ ሁለቱ ከተያዙ በኋላ ይመጣሉ። ፓናማዊው ማሪያኖ ሪቬራ ብዙ ዓይነት አልነበረውም፤ በአብዛኛው በአንድ ከተር በምትባል ኳስ 652 ጨዋታ ዘግቶ በ2019 ያለ አንድ ተቃዋሚ ድምፅ ወደ ዝነኞች አዳራሽ ገባ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በክርን ውስጠኛ ጎን የላይኛውንና የታችኛውን ክንድ አጥንት የሚያያይዝ አጭር ጅማት አለ። በእያንዳንዱ ጠንካራ ውርወራ ይህ ጅማት እስከ አቅሙ ዳርቻ ይወጠራል፤ የሚያድነው በዙሪያው ያለው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲደክም ውጥረቱን የሚሸከመው ጅማቱ ብቻውን ነው። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ የፒቸሩን የቶሚ ጆንን የተበጠሰ ጅማት ከሌላኛው እጁ በተወሰደ ጅማት ተካው። ጆን 1975ን ሙሉውን ሳይጫወት አሳለፈ፤ በ1976 ተመለሰ፤ እስከ 1989 ወረወረ፤ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ናቸው። ይህን ታሪክ ሰምተው «ቀዶ ሕክምናው ክንድ ያጠነክራል» የሚሉ ወላጆችና ወጣቶች አሉ። ይህ አደገኛ ውሸት ነው። ማገገሙ ከ12 እስከ 18 ወር ይወስዳል፤ ወደ ቀድሞ ደረጃው የማይመለስም ብዙ ነው። ከተመለሱ በኋላ ፈጥነው የሚወረውሩት በእነዚያ ወራት እግራቸውንና ወገባቸውን በሥርዓት ስላጠነከሩ ነው፤ ያንን ደግሞ ሳትታረዱም ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ከፍተኛው የሙያ ሊግ የሆነው ሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር በ2014 ያወጡት መመሪያ አለ፤ በልባችሁ ያዙት። ከ13 እስከ 16 ዓመት ያላችሁ በአንድ ቀን ከ95 ውርወራ፣ 17ና 18 ዓመት የሞላችሁ ከ105 አትለፉ። በ17 እና 18 ዓመት ከ31 እስከ 45 የወረወረ 1 ቀን፣ ከ46 እስከ 60 የወረወረ 2 ቀን፣ ከ61 እስከ 80 የወረወረ 3 ቀን፣ 81ና ከዚያ በላይ የወረወረ 4 ቀን ያርፋል። በዓመት ቢያንስ 4 ወር በውድድር ላይ ፒቸር ሆናችሁ አትወርውሩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ቢያንስ 2 ወይም 3 ተከታታይ ወር ምንም ዓይነት ውርወራ የለም። በወረወራችሁበት ቀን ደግሞ ካቸር ሆናችሁ አትጫወቱ፤ ካቸርም ቀኑን ሙሉ ኳስ ሲመልስ የሚውል ሰው ነው።

መመሪያው የሚጣሰው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት አይደለም። ልጁ ለትምህርት ቤቱም ለግል ክለብም ይጫወታል፤ ሁለቱ አሰልጣኞች አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ የራሱን ብቻ ይቆጥራል። በዚያ ላይ ቅዳሜ መልማዮች የሚገኙበት ማሳያ ይመጣል። ስለዚህ ደብተር ያዙ፦ ቀኑ፣ ለየትኛው ቡድን፣ የውርወራው ብዛት፣ በማግስቱ ክርንና ትከሻ ምን እንደተሰማው። ደብተሩን ለሁለቱም አሰልጣኞች አሳዩ። በ2006 በአሜሪካ ወጣት ፒቸሮች ላይ ታትሞ የወጣ ጥናት እንዳሳየው ክንዳቸው ደክሞ ሳለ አዘውትረው የሚወረውሩት ለቀዶ ሕክምና የመጋለጥ ዕድላቸው 36 እጥፍ ነበር። ይህ ቁጥር ያስጨንቀኛል፤ እናንተንም ያስጨንቃችሁ። የድካም ምልክቱ ሕመም እስኪሆን አትጠብቁ፦ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ኳሷ ከፍ ከፍ ማለት ትጀምራለች፣ ስትለቋት ወገባችሁ ወደ ፊት መታጠፉን ትቶ ቀጥ ይላል። በዚያን ጊዜ «ይብቃኝ» በሉ። ይህን ሲሉት የሚቆጣ አሰልጣኝ ካለ ከወላጆቻችሁ ጋር ሆናችሁ አነጋግሩት፤ ካልሰማ ቡድን ቀይሩ።

በሜጀር ሊግ ጨዋታውን የሚከፍተው ፒቸር ብዙውን ጊዜ በየ5 ቀኑ ይወረውራል። በማግስቱ ቀላል ሩጫና የእግር ሥራ አለ፤ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ከጉብታ ላይ ከ20 እስከ 30 ውርወራ ይለማመዳል፤ ከዚያ ቀለል ያለ ኳስ መቀባበል ይኖራል፤ በዋዜማው የተጋጣሚ መቺዎችን ቪዲዮ ያያል። በጃፓን ሙያተኞቹ በአብዛኛው በሳምንት አንዴ ነው የሚወረውሩት። ስለ አእምሮ ብዙ አልልም፦ በሜጀር ሊግ ከ2024 ጀምሮ ቀጣዩን ኳስ ለመወርወር ቤዝ ላይ ሯጭ ሳይኖር 15፣ ሯጭ ሲኖር 18 ሰከንድ ነው ያላችሁ፤ ስለዚህ ሆም ራን (ከሜዳ ውጭ የወጣ ምት) ከተመታባችሁ በኋላ ራሳችሁን የምታረጋጉበት ልማድ ከአንድ ረጅም ትንፋሽ የሚያልፍ አይሁን።

ገንዘቡን በግልጽ እወቁት። ክለቦች በየዓመቱ ተራ በተራ ወጣቶችን የሚመርጡበት ምልመላ ዛሬ 20 ዙር ነው፤ የተመረጠ ሁሉ ከታች ይጀምራል። በ2023 በተፈረመው ስምምነት ከሜጀር ሊግ በታች ያለው የማይነር ሊግ ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ በመጀመሪያው ደረጃ 19,800፣ በላይኛው ደረጃ በትሪፕል ኤ 35,800 ዶላር ሆነ፤ በዚያው ዓመት የሜጀር ሊግ ዝቅተኛው 720,000 ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን ገደል ብዙዎች አይሻገሩትም። በሜጀር ሊግ 43 ቀን የቆየ ጡረታ የማግኘት መብት ይጀምርለታል፤ በነፃነት ክለብ ለመምረጥ ግን 6 የአገልግሎት ዓመት ያስፈልጋል።

ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ልትፈርሙ ከሆነ ስለ ፊርማ ጉርሻው ስትደራደሩ የኮሌጅ ክፍያውንም አብራችሁ ጠይቁ። ክለቦች የትምህርት ወጪ ለመሸፈን በውል የሚገቡበት አሠራር አለ፤ ጨዋታ ባቆማችሁ በ2 ዓመት ውስጥ ትምህርት ካልጀመራችሁ ግን መብቱ ይቀራል። የሴሚስተር ብዛትና የገንዘብ መጠን በውሉ ላይ በጽሑፍ ሳይሰፍር አትፈርሙ፤ ቅጂውንም ወላጆቻችሁ ዘንድ አስቀምጡ።